ከእጄ የሚያመልጠው ቀለበት

ለምወድሽ እትዬ፣ አንቺም ልጆቹም እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ ደህና ነን።

አሁን የመዳብ ሽቦ የምጠመጥመው ፌራይት በሚባል፣ ከብረት ዱቄት በተጋገረ ጥቁር ቀለበት ላይ ነው፤ ለቻርጀር ይሆናል። ማግኔትነትን በቅጽበት ይዞ በቅጽበት የሚለቅ ጉድ ነው፤ ከወደቀ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሰሞኑን ከእጄ እያመለጠ አስቸግሮኛል። ትናንት አንዱ ሲሰበር አለቃችን፣ «ምነው፣ ዛሬ እጅሽን ቤት ረስተሽ መጣሽ እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። «ብርዱ ነው» አልኩት፤ ቀለበቱ የሚጋገርበት እቶን አጠገብ ተቀምጬ!

ባለቤቴ ሻይ ሲያቀብለኝ በሁለት እጄ ስቀበለው፣ «እንዲህ ሰው አክባሪ ሆንሽ?» ይለኛል። እስቃለሁ።

እትዬ፣ እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ያስታመምሻት አንቺ ነሽ፤ መንቀጥቀጡ መጀመሪያ የጀመራት በየትኛው እጇ ነበር? እንዲያው ትዝ ብላኝ ነው።

ሰላምታዬ ለቤተሰቡ ሁሉ ይድረስ። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው።

ታናሽሽ