አመስግነን ልንጥላት የነበረች ተማሪ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን። ሰማዩ ደፍርሷል፣ ግን አልዘነበም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነን፤ እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ አባታቸውስ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የወቅቱ ነው።

ግቢያችን አንዲት የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ለመስክ ልምምድ ከተመደበች ሁለት ወር ሆናት። ሥራዋ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ፣ ተማክሮ፣ ችግሩን በራሱ እንዲፈታ ማገዝ ነው። ስትሮጥ ስለምትውል ጥድፊያ ብለናታል። የልብስ ማጠቢያው ቱቦ ተደፍኖ ውሃው በራፋችን ላይ ሲተኛ ብታየው አላስችል አላትና ማመልከቻውን ራሷ ጻፈች፣ ራሷ ፈረመች፣ ማዘጋጃ ቤት ራሷ ተመላልሳ በአራት ቀን አስጠረገችው። እኛ መረቅናት።

ትናንት አስተማሪዋ መጡ። ማን አስጠረገው ብለው ሲጠይቁን እንጠቅማት ብለን ተሽቀዳደምን። ልብስ ሰፊዋ፣ «እሷ ናት እንጂ! እኛማ እግራችንንም አላነሳን» አለች። የግቢው ዘበኛም፣ «እኔ ማዘጋጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም» ብሎ ጨመረበት። ባመሰገንናት ቁጥር ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች። ለካ እያሞካሸን እየጣልናት ኖሯል! ሴትዮዋ ሳይቆጡ፣ «እሷ ከሄደች በኋላ ቢደፈንስ?» አሉን። የቱቦው ክዳን ገና አልተገጠመም፤ ልጆች በሚሮጡበት ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እስከ ዓርብ ለክዳኑ እናንተው ስትንቀሳቀሱ ካላየሁ ልምምዷን እንደ አዲስ ትደግማለች አሉ። ዓመት ሙሉ ማለት ነው። እሷም እስክሪብቶ እንዳትነካ ተባለች።

ዛሬ ከሰዓት ማጠቢያው አጠገብ ተሰበሰብን። ጥድፊያ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ዳር ተቀመጠች፤ ስንሳሳት ከንፈሯን ትነክሳለች። ዘበኛው፣ «አይዞሽ፣ እጅሽን ቢበላሽም ቻይው!» እያለ ቀለደባት። የክዳኑን ማመልከቻ ማን ይጻፍ ሲባል ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ጠቆመች፤ «ለእህቷ አራት ገጽ የምትጽፍ ለማዘጋጃ ቤት አንድ ገጽ ያቅታታል?» ፊደል የለየሁት ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ እንደሆነ፣ ሰው ፊትም ድምፄ እንደማይወጣ አንቺ ታውቂያለሽ። ጻፍኩት። አሥራ አራት ሰው ፈረመ። አድራሿም አንቺው ነሽ ተባልኩ።

ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ ለመንታዎቹም በየስማቸው ሰላም በይልኝ። አክስታችንን ግንባሯን ሳሚልኝ።

ረቡዕ። ፖስታውን ሳላሽግ ይህን ልጨምር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤት ደረስኩ። ልብስ ሰፊዋና ዘበኛው ከኋላዬ ቆሙ፤ ጥድፊያ ከበሩ ውጭ ቀረች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ሳታይ፣ «ያቺ ፈጣኗ ልጅ የታለች? እሷ ትምጣ» አለችኝ። ወረቀቱን ከጠረጴዛዋ ላይ መልሼ አነሳሁና እዚያው ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። የአሥራ አራቱንም ሰው ስም ጠራሁ፤ የመጨረሻው የእኔ ነበር። ማኅተሙን አንስታ መታችበት።

ታናሽሽ
ከኋለኛው ግቢ፣ ክፍል ዘጠኝ
ኅዳር 10 ቀን