የሙት ዓመትህ እንግዶች

ለአባቴ፣ ለመሪጌታዬ፤

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ከእኛ እንደሚሻል ራስህ ስትነግረን ኖረሃል። የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ለውጠነዋል፤ ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ አንደማመጥም። ተማሪዎችህ ወደ ሌላ መምህር ሄደው ግቢው ጭር ብሏል። የቁስቋም ደወል ሲደወል አሁንም ጋቢህን ላቀብልህ እነሣለሁ።

ሸክላ ሠሪዋ ይታይሽ አንተ በፈቀድክላት ቦታ፣ አጥራችን ሥር፣ ዛሬም ትሸጣለች። የምጽፍልህም በእሷ ነገር ነው።

የጎረቤታችን የአያ ተፈራ ልጅ ታሞ ከረመ። አያ ተፈራ ሐኪም ቤት እንደ መውሰድ፣ ቤተ እስራኤላዊቷ ይታይሽ በዓይኗ በላችው ብሎ መንደሩን አነሣሣ። ሙት ዓመትህ ሲቃረብ የማኅበርህን ሰዎች አስከትሎ መጣና፣ «ምነው እቴ፣ ይህችን ቡዳ ከደጅሽ ካላራቅሽ የአባትሽን ተዝካር አንቀምስም» አለኝ። አብሯቸው የመጣው ቄስም አልገሠጻቸውም። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይህ ነው።

አንተ ወንጌልን ለእኛ ለልጆችህ እንደ ተረት ነበር የምታወራልን። ታላቅ እራት ደግሶ የጠራቸው ሁሉ የቀሩበትን ሰው ታሪክ ስታወራ፣ መሬት ገዛሁ፣ ሚስት አገባሁ እያሉ ሰበብ የሚደረድሩትን በየድምፃቸው እያስመሰልክ ታስቀን ነበር። ከሳቃችን በኋላ ግን፣ እናንተ ብትሆኑ ድግሱን ታፈርሱታላችሁ ወይ ብለህ ትጠይቀናለህ።

አላፈረስኩትም፣ አባዬ። ጠላውን በይታይሽ ጋን ጠመቅኩ፣ ወጡንም በእሷ ድስት ሠራሁ። በዕለቱ ከማኅበሩ አንድም ሰው ዝር አላለም። እኔም ወደ ቁስቋም በር ወጥቼ ዓይነ ስውራኑን፣ በምርኩዝ የሚሄዱትን፣ ከሩቅ አገር ከድብ ባሕር ለጠበል መጥተው ስንቅ ያለቀባቸውን ሁሉ ይዤ ገባሁ። ቤቱ ጠበበን። በልተው ጠጥተው ነፍስህን ይማር አሉ፤ ምርቃታቸውም ከልብ ነበር።

ይታይሽ ግን በሕጓ እኛ ያበሰልነውን አትበላም፣ እኛንም አትነካም። ደጅ ላይ ቆማ አየኋት። ባወራህልን ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ እንግዳ አልነበረምና ግራ ገባኝ። በኋላ ጤፍና ሽምብራ በጥሬው ሰፍሬ መሬት ላይ አኖርኩላት። ወስዳ በእጇ አበሰለችው፤ ልጆቿ ሲበሉ ስምህን እንዳነሣችላቸው በማግሥቱ ነገረችኝ።

አያ ተፈራ ሰላምታ ነሥቶኛል። ማኅበሩም ከአንተ የወረስኩትን የመደገስ ተራ ዘሎ አልፎኛል፤ ይለፈኝ። ልጁን በመጨረሻ እናቱ ሐኪም ቤት ወስዳው ድኗል፣ እሰየው። ይታይሽ ሳትባረር መዳኑን ግን መንደሩ ሁሉ ይወቅልኝ።

የመንደሩ ሰዎች መቃብርህ አጠገብ ሲያልፉ ደግ ሰው ነበር ይሉሃል። እኔ እንደ እነሱ በቃል ብቻ አላስብህም። እስክሞት ድረስ ስምህን አስጠራለሁ፤ ለከርሞም እደግሳለሁ፣ ደጁም ክፍት ነው። የይታይሽን ጥሬ ግን ከሁሉ አስቀድሜ እሰፍራለሁ።

ልጅህ