ስለ ወንድሜ ስለ ሩዛር ነፍስ፣ ለክቡር ቆሞሳችን

ክቡር አባ ሬጂናልዶ ሆይ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን፤ በተለይ ጉሮሮዎን፤ በወንድሜ የሙታን ቅዳሴ ላይ ስለ ገሃነም ሲሰብኩ ክፉኛ ደክሟልና። እኔ ፒየዳዴ ኮላሶ፣ በመንደራችን መስቀል ሥር ሊጣንያ የተባለውን የምልጃ ጸሎት የማዜመው መበለት፣ ይህን በጋዜጣ እጽፍልዎታለሁ። ድፍረት እንዳይመስልዎ፤ ፍርሃት ነው።

አንደኛ፣ ስላጽናኑን ላመስግን። ሩዛር በክረምቱ ማዕበል ጀልባቸው የተገለበጠባቸውን ሁለት ሂንዱ ጎረቤቶቻችንን ሊያወጣ ዋኝቶ ገባ። ሁለቱ በወረወረላቸው ገመድ ወጡ፤ እሱን ባሕሩ አስቀረው። እርስዎም ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት “ለዓመታት ከቁርባን የራቀ ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ፣ የሚጠብቀው እሳት መጨረሻ የለውም” አሉን። እናታችን ከወንበሯ ተንሸራታ ወደቀች።

ሁለተኛ፣ እኔ ብድግ ብዬ “አባ፣ ለሰው ሲል የሞተም?” ብዬ ብጠይቅ “ተቀመጪ ሴትዮ! ቤተ ክርስቲያንን አንቺ ልታርሚ ነው?” አሉኝ። እስክጸጸትም ሊጣንያ እንዳላዜም ከለከሉኝ። የእኔም ጉሮሮ ዕረፍት አግኝቷልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሦስተኛው አቤቱታ አይደለም። ኅብስቱ ሥጋው መሆኑን አምናለሁ። አያቶቼ የጾሙትን እጾማለሁ። ነፍስን የሚያጠራውን እሳት እንኳ አምናለሁ፤ ሩዛር ጥፋት ነበረበትና ጥቂት ቢጠበስ አይከፋኝም። መጨረሻ የሌለውን እሳት ግን ልቤ እምቢ አለኝ፤ እምቢ ባለኝ ቁጥርም እፈራለሁ። ቁርባን ስቀበል ምላሴ ይደርቃል። ይህች ጥያቄዬ ራሷ የሞት ኃጢአት ብትሆንስ? እርስዎ ልክ ቢሆኑስ? ከዚያም በላይ የሚያስፈራኝ፣ መንግሥተ ሰማያት ብገባ ወንድሜ ሲቃጠል እያየሁ ሃሌ ሉያ እንድል መታዘዜ ነው።

ከባሕሩ ከዳኑት አንዱ ናራያን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ “እህቴ፣ የእናንተ አምላክ ሩዛርን አልፈልግም ካለ ለእኛ ስጡን፤ እኛ ዘንድ ቦታ አይጠፋም” አለኝ። ደንግጬ አፉን ልይዘው ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን ከስብከትዎ ይልቅ ያጽናናኝ የእሱ ቃል ነው፤ ይህንንስ ስናዘዝ ምን ብዬ ልናገረው?

ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳንን በስማቸው ስትጠራ ኖራለች፤ ገሃነም የገባ ሰው ስም ስትጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ የቀደሟት መሰለኝ። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ እናቴ በምትሰማበት አንዲት ቃል ብቻ ይበሉልን፦ “አላውቅም።”

የእጅዎን በረከት የምትሻ፣ ብትፈራም ከወንበሯ የማትጠፋ ታዛዥ ልጅዎ፣
ፒየዳዴ ኮላሶ፣ ከጎዋ

ተጨማሪ፦ ሩዛር ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሊናዘዝ መጥቶ ነበር። ደወል ደዋዩ “ቆሞሱ ሰርግ ላይ ናቸው፤ ሌላ ቅዳሜ ና” ብሎ መለሰው። የሰርጉ የአሳማ ወጥ እጅግ ጥሩ ነበር ሲባል ሰምቼ ስለ እርስዎ ደስ ብሎኛል። በዚያ ምሽት እግዚአብሔርም አብሮዎት ሰርግ ላይ እንዳልነበረ ተስፋ አደርጋለሁ።