ተቀቅሎ የተበላው የምርምር ባቄላ

ውድ ተስፋነህ፣

ብርቱካን ትናንት ጠዋት በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት፤ ድምጿ ግቢውን ያናጋዋል። አከራያችን እትዬ ዓይናለም እልል ብለው ሳይጨርሱ "ለባቄላው መምህር ንገሪው!" አሉኝ። ልደውልልህ ነበር፤ ግን ሌላም የምነግርህ ስላለ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ።

ያን የጾም ቀን መቼም አትረሳውም። ለምርምርህ በጨረር አስመትተህ ከአዲስ አበባ ያመጣኸውን ባቄላ ወጥ ቤት ትተኸው ዩኒቨርሲቲ ሄድክ። እትዬ ዓይናለም ከየት ይወቁ፤ ንፍሮ አድርገው ለእኔም ለብርቱካንም ለተከራዩ ሁሉ አቀረቡት። አንተ ስትደርስ ሳህኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

"እንዴ! እሱኮ ጨረር የተመታ ነው!"

ብርቱካን የጎረሰችውን ተፍታ ሆዷን ይዛ አለቀሰች። ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ጽንስ ገና ሦስት ወሩ ነበር። አንተም ደንግጠህ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አልክ።

"ስሚኝ ብርቱካን። ጨረር ሕይወት ያለው ሴል ውስጥ ሲያልፍ ክሮሞዞም የሚባለውን የዘር ክር ይበጥሳል። ሴሉ መልሶ ሊቀጥለው ይሞክራል፤ አንዳንዴ ተሳስቶ ያለቦታው ይቀጥለዋል። አንቺን ራስሽን ቢመታሽ እኔም እፈራ ነበር። የተመታው ግን ባቄላው ነው።"

"ጨረሩ ውስጡ ቀርቶ ቢሆንስ?"

"አልፎ ሄዷል። ፀሐይ ላይ የዋለ ልብስ ሌሊት ያበራል?"

ይህን ብለህ የተረፈውን ንፍሮ እፍኝ እፍኝ እያደረግክ በላኸው። እትዬ ዓይናለም "ጨው ልጨምርልህ?" ሲሉህ ብርቱካን እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። የወራት ልፋትህን እየበላህ እንደነበር የገባኝ ግን ኋላ ነው። አንድ ቃል አልተቆጣህም።

ሳይቀቀሉ ወድቀው ከጠረጴዛው ሥር የለቀምካቸውን ጥቂት ፍሬዎች አብቅለህ የሥራቸውን ጫፍ በማይክሮስኮፕ ስታሳየንስ? ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ክሮሞዞሞቹ ወደየጎናቸው ሲሳቡ አንዲት ብጣሽ መሀል ላይ ቀርታለች። እትዬ ዓይናለም "ምን ሆና ቀረች?" ቢሉህ "የምትሳብበት ቦታ ተቆርጦባት ነው" አልካቸው። "ውይ፣ እኔን!" አሉ፤ እንደ ሰው አዘኑላት።

በዚያው ሰሞን ጋፋት ስንሄድ "አብረን ብንኖርስ?" ስትለኝ ስቄ ወሬ ቀየርኩብህ። የሩቅ አገር ሰው ነህ፣ አንድ ቀን ትሄዳለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ለትምህርት ወደ ሐዋሳ ስትሄድ ደግሞ ፍርሃቴ ልክ የነበረ መሰለኝ። አንተ ግን በየሳምንቱ ስለ ብርቱካን ጤና መጠየቅህን አልተውክም።

ትናንት ሕፃኗን ታቅፌ ሳለ ብርቱካን "ያን ቀን እሱ ባያረጋጋኝ ኖሮ እስክወልድ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር" ስትለኝ፣ እኔም ስፈራ አጠገቤ እንዲቀመጥ የምፈልገው አንተን እንደሆነ ለራሴ አመንኩ።

ተስፍሽ፣ ሐሳብህ ካልተለወጠ መልሴ እሺ ነው። ለሕፃኗ ክርስትና ና። እናቴም ከእብናት ትመጣለች። ስለ አንተ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኋት፤ ሰምታ ሰምታ ምን አለችኝ መሰለህ? "ታዲያ እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ?"

በናፍቆት የምትጠብቅህ፣
ስርጉት
ከደብረ ታቦር