የፍልሰታ ቅዳሴና የቀበሌው አግዳሚ

ሐምሌ 23 ቀን 1971
ዝናብ። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ አልታየም። ምስር ስለቅም ዋልኩ፤ ግማሹ ጠጠር። ከሰዓት የቀበሌው መዝጋቢ መጣ።
«እማማ አትጠገብ፣ የምስክር ወረቀት አለዎት?»
የምን?
«የትምህርት።»
አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቦሩ ሜዳ ከወንዶቹ እኩል በአለንጋ አስተምረውኛል፤ በዘጠኝ ዓመቴ ዳዊት ደግሜአለሁ አልኩት። ጻፈ። አንገቴን አስግጌ አየሁ… «መሃይም» ይላል። ያውም በተንጋደደ ጽሕፈት።

ሐምሌ 24
መሠረተ ትምህርቱ ነሐሴ 1 በቀበሌው አዳራሽ ይጀምራል አሉ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት። ልክ በፍልሰታ ቅዳሴ ሰዓት! ከተዳርኩ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ የፍልሰታ ቅዳሴ አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም። ባሌን በቀበርኩበት ዓመት እንኳ። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳርም ዘይትም አያገኝም። ስኳሩን ይውሰዱት… ግን ያስራሉም ይባላል። ምን ይሻለኛል?
አስተማሪዋ የጨርቅ ነጋዴው የዓብደላ ልጅ ናት፣ ሳፊያ። ንፍጧን እየጠረግሁላት ያደገች። «ፈተና ወስደው ካለፉ ነፃ ይሆናሉ፣ እማማ» አለችኝ። ይሁን።

ሐምሌ 28
ፈታኙ ከኮምቦልቻ መጣ። ጓድ ገብሬ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ገብረ ማርያም ነው፤ ማርያምን መንገድ ላይ አራግፏት መጣ።
ወረቀት ሰጠኝ። ውኃ አፍልቶ ስለ መጠጣት፣ የመፀዳጃ ጉድጓድ ስለ መቆፈር። ቀላል ነው። ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ… ስልሳ ዓመት ቆሜ ያነበብኩት ዳዊት ብቻ መሆኑን ማን ያስበው? አፌ በልማዱ ሄደ። የመፀዳጃውን ጉድጓድ በውርድ ንባብ፣ እንደ መዝሙር እያወረድኩ እያነሣሁ አነበብኩት። ለትምህርቱ ሊመዘገቡ የመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ።
«በአብዮቱ ይቀልዳሉ?» አለ።
አልቀለድኩም። የተማርኩት እንዲህ ነው።
«እንግዲያው እንደገና ይማሩ። ከሁሉም ጋር፣ ከሀ ጀምረው።»

ነሐሴ 1
ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ነሐሴ 3
ሳፊያ ሰባቱን ፊደል በአንዴ ትጽፋለች፣ ወዲያው ታጠፋለች። ማን ሊይዝ? ጎረቤቴ ከሪማ አጠገቤ ተቀምጣ እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጣዋለች። እነሱም ረመዳን ላይ ናቸው። ሁላችንም ባዶ ሆዳችንን ተደርድረናል።
ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የመድኃኔዓለም ደወል ተሰማ። ከሪማ በክርኗ ነካችኝ።
«ይሂዱ፣ እትዬ። ስም ሲጠራ ታመው ተኝተዋል እላለሁ።»
«በረመዳን ትዋሺያለሽ?»
«ለርስዎ ብዬ እንደሆነ አላህ ያውቃል።»
«ጾምሽን አበላሽተሽ እኔ ላስቀድስ?»
እርሳሷን መልሳ ጨበጠች። ነጠላዬን ለብሼ ተነሥቼ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ። በማን ነው የተናደድኩት? በእግዚአብሔር ሳይሆን አይቀርም… ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ 4
የሳፊያ ድምፅ ተዘጋ። ጾሙ፣ የጠመኔው ብናኝ። «ያግዙኝ፣ እማማ» አለች። በግድ ተቀምጬ ደግሞ ላገለግል? እምቢ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ አጻጻፏን አይቼ መታገሥ አልቻልኩም፤ ጠመኔውን ቀማኋት። አንድ አንድ ፊደል፣ በጣት እየነኩ፣ በዜማ። አባቴ እንዳደረጉት፣ ያለ አለንጋው። ከሪማ ስትሳሳት ግን ጣቷን መታኋት።
«ኧረ እትዬ፣ ጾመኛ አይመታም።»
«የመታሽም ጾመኛ ናት።»

ነሐሴ 9
ሴቶቹ ሲጽፉ ውዳሴ ማርያምን በልቤ እደግማለሁ። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ሲርቀኝ እመቤቴም የምትርቀኝ ይመስለኝ ነበር። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው? በዚህ ዕድሜ።

ነሐሴ 14
ጓድ ገብሬ ሳይታሰብ መጣ። ሠላሳ ሴት ፊደል በዜማ ስታወርድ በር ላይ ደርቆ ቀረ።
«ይህ ምንድነው?»
ሳፊያ በዚያ በተዘጋ ድምጿ፣ «እማማ አስተምረዋቸው ያነብባሉ፣ ጓድ። ይሞክሯቸው።»
ከሪማን አስነሣ። ያንኑ የመፀዳጃ ጉድጓድ ሰጣት። ላብ አጠመቃት፤ ቃል በቃል፣ በዜማ፣ እስከ መጨረሻው ተወጣችው። ማንም አልሳቀም። ጓድ ገብሬ ወረቀት አውጥቶ ጻፈና ሰጠኝ። «ከነገ ጀምሮ ነፃ ነዎት።» የርሱም ጽሕፈት የተንጋደደ ነው።

ነሐሴ 16
ትናንት ከሰዓት፣ ዛሬ ደግሞ ለበዓሉ ከሌሊት አስቀደስኩ። ሰው ሁሉ ዶሮ አርዷል፤ ረቡዕ መሆኑን ማን ልብ አለ? ሥርዓት ጠፍቷል። ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሚካኤል ዐሥራ ሁለት ቀን መቅረቴን፣ የት እንደዋልኩም ነገርኳቸው። ሰምተው መስቀል አሳለሙኝ። በኔ ጊዜ ቄስ ይቆጣ ነበር።
ቤት ገብቼ ጋደም ልበል አልኩ… ሰባት ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ደጃፍ ቆሜአለሁ። ማንም አልጠራኝም። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ከሪማ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ጽፋ አሳየችኝ።
«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።
«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከዚያ የ«ማ» እግር ማጠሩን ነግሬያት፣ እንደገና አስጻፍኳት።