ስምሽ የተቀረጸበት አግዳሚ ወንበር

ከአባታችን ቤት ከወጡት ልጆች ሁሉ በአንደበትሽ ርቱዕነት፣ በአለባበስሽ ወግ፣ በመዘምራንም መካከል በድምፅሽ ግርማ ለተመሰገንሽው፣ ለተከበርሽው እኅቴ ለኦዴሳ፤ ከወንድምሽ ከሉሺየስ የናፍቆት ሰላምታ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጉልበትሽ እንዴት ነው? የዲትሮይት ብርድ ጀመረ ወይ? የባለቤትሽስ የልብ ሕመም ረገብ አለለት? እኔ ላቲን ማስተማር ከተውኩ ዐሥር ዓመት ቢያልፈኝም ዛሬም ከኮሌጁ አጥር ሥር እኖራለሁ፤ ዓይኔ ከመፍዘዙ በቀር ደኅና ነኝ።

የልጅሽን ልጅ ጆኔልን አደራ ብለሽ ስለ ሰጠሽኝ፣ የደረሰባትን ሳልቀባባ ልነግርሽ ይገባኛል። ባለፈው ረቡዕ፣ ተማሪው የተጠበሰ ዶሮውን በልቶ፣ የማርሽ ባንዱ ከበሮ ከሜዳው እየተሰማ፣ ግቢው እንደ ገበያ ሞልቶ ሳለ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ባለው በኮሌጁ የሴት ተማሪዎች እኅትማማች ማኅበራችሁ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ማኅበርተኛ ያልሆነ እንደማይቀመጥበት ታውቃለች፤ ነገር ግን በመደገፊያው ላይ የአያቷን ስም ተቀርጾ ስላየች፣ ደም መብት የሚሰጣት መሰላት።

የማኅበሩ አለቃ ሼሪዝ እየሳቀች ቀርባ የማን እንግዳ እንደሆነች ጠየቀቻት። ጆኔል ያንቺን ስም ጠራች።

«ስሙ ያለው ወንበሩ ላይ ነው እንጂ ግንባርሽ ላይ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ከዚያም ተንበርክካ የተቀመጠችበትን በአንገት ልብሷ እንድትወለውል አዘዘቻት። ወለወለች። ማኅበርተኞቹ መዝሙራችሁን እየዘመሩ ዙሪያዋን ከበቧት፤ ተማሪው በየስልኩ ቀረጻት፤ «እዚያ ጋ ያልወለወልሽው አለ፣ የእመቤት ልጅ» የሚላትም ነበር። ከባርነት የወጡ አያቶቻችን፣ ማንም «ይህ ስፍራ ያንተ አይደለም» እንዳይለን ጡቡን በእጃቸው ጠፍጥፈው በሠሩት ግቢ ይህ ሲደረግ፣ እኔ ከጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ አየሁ፤ እንደ ፊተኛው ጊዜ ሁሉ አፌን አልከፈትኩም።

የፊተኛውን አልረሳሽውም። የዛሬ ኀምሳ ዓመት የጥጥ ገበሬው ልጅ ቨርዲ ሜይ፣ አዲስ ጫማ እግሯን ልጧት ከዚያው ወንበር ዐረፍ ብትል፣ በእሑድ ቀሚሷ ጫፍ ያስወለወልሻት አንቺ ነሽ፤ ልማዱም ከዚያ ቀን ጀመረ። በማግስቱ ትምህርቷን ተወች፤ ከዚያ ወዲህ በኮሌጁ ወጥ ቤት ዶሮ ስትጠብስ ኖረች። በየዓመቱ ለቀድሞ ተማሪዎች በዓል ስትመጪ ሳህንሽን የምትሞላልሽን ሴት ፊት ቀና ብለሽ አላየሽም።

ረቡዕም ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ ጆኔልን ከመሬት ያነሣቻት እርሷ ናት። «ተነሺ ልጄ፤ እኔም ጠርጌው ነበር፣ አይጠራም» አለቻት። የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች ሰምታለች፤ የጉልበቷን አፈር ግን በሽርጧ ጠረገችላት።

ጆኔል አሁን ሻንጣዋን አሰናድታለች፤ ወሩ ሲያልቅ ትምህርቷን ትታ ልትሄድ ነው። አያቴን አዋረድኳት፣ እሷ እዚህ ብትሆን እንዲህ ያለ ግፍ ሲፈጸም ቆማ አታይም ነበር እያለች ታለቅሳለች። እውነቱን ብነግራት ስም አጥፊ ሽማግሌ ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ለባለቤትሽ ለክላረንስ ጤና እመኝለታለሁ። ልጅሽን ዋንዳን፣ ታናሹንም ቴረልን አጎታችሁ ሳይዘነጋችሁ ሰላም ብሏችኋል በያቸው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ በቨርዲ ሜይ ላይ ያደረግሽውን በራስሽ እጅ ጽፈሽ፣ ወሩ ሳያልቅ ለጆኔል ላኪላት።

ወንድምሽ ሉሺየስ
አላባማ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2011