ነጭ ሳህን በባሮ

ኅዳር 4 ቀን 1988
ጠዋት በታንኳ ከድልድዩ በላይ ወጣሁ። የውሃ ጥራት መለኪያውን ነጭ ሳህን በገመድ ባሮ ውስጥ አወረድኩ። ዘጠና ሴንቲሜትር ላይ ከዓይኔ ተሰወረ፤ ጻፍኩ። ልክ በዚያ ሰዓት ሳተላይቷ ከላይ ፎቶ ታነሳለች። አዲስ አበባ ያሉት የውሃውን ጥራት ከፎቶው ሲያነቡ በኛ ቁጥር ያመሳክራሉ። የሥራ ባልደረባዬ ጎርደን ከድልድዩ በታች ለካ። ስልሳ ብሎ ጻፈ። ስልሳ? ያው ባሮ አይደል እንዴ?

ኅዳር 20
እኔ ሰማንያ አምስት፣ እሱ ሃምሳ አምስት። "ደህና አድርገህ አየኸው?" "አየሁ።" በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ንጹሕ ሰው ትንሽ እንኳ አያወራም? እኔ አዋሳ ሐይቅ ላይ ሁለት ዓመት የለካሁ ነኝ። እኔን ሊያታልል…

ታኅሣሥ 6
እሱ በሌለበት ታንኳውን ፈተሽኩ። ከሳህኑ ሥር ትልቅ ድንጋይ ታስሯል! ቶሎ አስጥሞ፣ ሳያይ ቁጥር ሊሞላ… ሌላ ምን ሊሆን? ልጠይቀው አልኩና ተውኩት። ሊዋሸኝ?

ታኅሣሥ 8
ለኃላፊው ጻፍኩ። "ልኬቱ የፈጠራ ነው" የሚለውን ሁለቴ ሰርዤ ሁለቴ መለስኩት። ጎርደን ኮንትራት ነው፤ አራት ልጆች አሉት። ምን ላድርግ…

ጥር 14
ፎቶውን የሚያነበው ጥዑመልሳን ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ጠራኝ። "ፀዳለ፣ የጎርደን ልኬት ከፎቶው ጋር ልክክ ይላል። ያንቺ ነው እምቢ ያለው። ወራጅ ውሃ ላይ ገመዱ አይጋደልብሽም? ክብደት አታስሪበትም?"
ድንጋዩ ለካ ለዚህ ነበር! ሐይቅ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ባሮ ይጎትታል። የተጋደለ ገመድ እየለካሁ ጥልቀት ነው ስል ከረምኩ። ኃላፊው ዘንድ ሮጥኩ። "ትናንት ፈርሜ አሰናብቼዋለሁ" አለኝ።

ጥር 15
ጎርደን ኒውላንድ ሰፈር ካለው ቤቴ ድረስ መጣ። የስንብቱን ደብዳቤ ይዞ። አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አያነብም። "እህቴ፣ አንቺ አንብቢልኝ። ሌላ ሰው አላምንም።"
አነበብኩለት። ስሜ ያለበት መስመር ላይ ስደርስ መዝለል እችል ነበር። አልዘለልኩም። ተሳስቻለሁ፣ አሁኑኑ ጽፌ አስተካክላለሁ አልኩት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።
"ድንጋዩን አይተሽ ነበር?"
"አዎ።"
"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"


ጥር 24
ለሁለተኛው ደብዳቤዬ እስካሁን መልስ የለም። ጎርደንም አልመጣም። ታንኳዬ ውስጥ ድንጋዩን አገኘሁት፤ አስቀምጦልኝ ሄዷል፣ ገመዱን ሳይቀር አስሮ። ሁለቱም ቦታ ብቻዬን ለካሁ።
ከድልድዩ በታች ሃምሳ። ከድልድዩ በላይ ሃምሳ።